እውነት ወይስ ተረት? ስለ እስክርቢቶና ማርከር ከሚነገረው የቱን እንመን?

እስክርቢቶ ስንገዛ ባብዛኛው የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይጽፋል?» ሻጩ ብጣሽ ወረቀት ያቀርብልናል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እናሽከረክርበታለን፤ ቀለሙ ከወጣ ከፍለን እንሄዳለን። ለአስቤዛ ዝርዝር ይህ ፈተና ይበቃል። ሥዕል ለሚሥል፣ ፊደል አስጊጦ ለሚጽፍ፣ የዕለት ውሎውን ወይም የልጆቹን አስተዳደግ በደብተር ለሚያኖር ሰው ግን አይበቃም። እሱ የሚፈልገው መሣሪያ ዛሬ ከመጻፉ ሌላ ከዓመታት በኋላም የሚነበብ፣ ገጹን አልፎ የማይሰርግና የፊደሉን መልክ የማያበላሽ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከጓደኛ፣ ከሻጭና ከቪዲዮ የምንሰማው ምክር ብዙ ነው። ከፊሉ ልክ ነው። ከፊሉ ያለ አግባብ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሲብስም ብዙ የደከምንበትን ሥራ ያጠፋል። ከዚህ በታች በተደጋጋሚ የሚነገሩ ዘጠኝ እምነቶችን አንድ በአንድ እንፈትሻለን። የሁሉም መፍቻ አንድ ነው፦ እስክርቢቶ የሚመዘነው በውስጡ ባለው ቀለም፣ በጫፉ ቅርጽና በሚያርፍበት ወረቀት እንጂ በዋጋው ወይም በስሙ አይደለም። ሦስቱንም ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊፈትናቸው ይችላል።

ተረት 1፦ «ፐርማነንት» የሚል የተጻፈበት ማርከር ምንጊዜም አይጠፋም

እውነት፦ እንዲህ ያለው ማርከር የሚቋቋመው ውኃን ነው። ብርሃንንና አልኮልን አይቋቋምም።

በማርከሩ ውስጥ ያሉት ዋና ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው፦ ቀለሙ፣ ቀለሙን ያሟሟው አልኮል መሰል ፈሳሽ፣ እንዲሁም ቀለሙን ከገጹ ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ። ስንጽፍ ፈሳሹ በሰከንዶች ውስጥ ይተንና ሙጫው ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ያ ሙጫ በውኃ ስለማይሟሟ ጽሑፉ በፕላስቲክ፣ በጠርሙስና በቆርቆሮ ላይ ይጸናል። ለበርበሬ ዕቃ ምልክት ወይም ለሻንጣ ስም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

አልኮል ሲያገኘው ግን ተመልሶ ይሟሟል። መምህራን ይህን በደንብ ያውቁታል። ነጭ ሰሌዳ ላይ በስህተት በፐርማነንት ማርከር ከተጻፈ፣ በላዩ ላይ በሰሌዳ ማርከር ደርበው ጽፈው ቶሎ ሲጠርጉት ሁለቱም አብረው ይለቃሉ። በሰሌዳው ማርከር ውስጥ ያለው ፈሳሽ የደረቀውን ቀለም እንደገና ያሟሟዋል።

ከዚህ የሚከፋው ጠላት ብርሃን ነው። አብዛኞቹ ፐርማነንት ማርከሮች የተሠሩት ከሚሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ የፀሐይ ጨረር ደግሞ ይህን ማቅለሚያ ይሰባብረዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ታዋቂው ሻርፒም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በመስኮት አጠገብ የተለጠፈ በማርከር የተሠራ ሥዕል በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። በወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፈሳሹ ወደ ጎን እየሰረገ፣ ዓመታት ሲያልፉ በጽሑፉ ዙሪያ ብጫማ ጥላ ይተዋል።

ስለዚህ ከቤተሰብ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በፐርማነንት ማርከር ስምና ቀን አይጻፉ። ፈሳሹ ሰርጎ ወደ ፊቱ ሊያልፍና የሰውን መልክ ሊያበላሽ ይችላል። የወረቀት ጀርባ ላላቸው የድሮ ፎቶዎች ለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ መጠቀም ይበልጣል።

ተረት 2፦ ጥቁር ቀለም ሁሉ ያው ጥቁር ነው

እውነት፦ ልዩነቱን ለማየት አንድ ሶፍትና ጥቂት ውኃ ይበቃል። ከሶፍቱ ጠርዝ ትንሽ ከፍ አድርገው በጥቁር የልጆች ማርከር ወፍራም ነጥብ ያኑሩ። ከዚያ ነጥቡ ውኃ ሳይነካው ጠርዙን ብቻ ውኃ ውስጥ ያስገቡት። ውኃው ወደ ላይ እየተሳበ ነጥቡ ጋ ሲደርስ ጥቁሩ ይበታተናል፦ አንዱ ጋ ሰማያዊ፣ ሌላው ጋ ሐምራዊ፣ ወረድ ብሎ ብጫ ወይም ሮዝ። አንድ ጥቁር የመሰለን የብዙ ማቅለሚያዎች ድብልቅ ነበር። አሁን ይህንኑ ሙከራ «ፒግመንት» በሚባል ቀለም በተሠራ ቀጭን እስክርቢቶ ይድገሙት። በደንብ ከደረቀ ነጥቡ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳይ የሚባለው ማቅለሚያ ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ በፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ፒግመንት አይሟሟም፤ እጅግ የላመ ዱቄት ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ሲደርቅ በወረቀቱ ክሮች መካከል ተሰንቅሮ ይቀራል። ዳይ ደማቅና ፈሳሽ ነው፤ ጫፍም አይደፍንም። ፒግመንት በአመዛኙ ውኃንም ብርሃንንም በተሻለ ይችላል። ዱቄቱን ጫፍ ሳይደፍን በቀጭን እስክርቢቶ ውስጥ ማሳለፍ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። የጃፓኑ ሳኩራ ኩባንያ ፒግማ የተባለውን ቀለም በ1982 እ.ኤ.አ. ካወጣ በኋላ ግን ሠዓሊዎች፣ የሕንፃ ነዳፊዎችና የማስታወሻ ጸሐፊዎች ማይክሮን በሚባለው እስክርቢቶ ይህን ቀለም በየኪሳቸው መያዝ ቻሉ።

ለእኛ አገር ሰው የፒግመንት ጥንካሬ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸትና ካረረ እህል ነው። ይህ ከሰል ነው፤ ከሰል ደግሞ ብርሃን የማያነጣው ፒግመንት ነው። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት ብራናቸው በራዲዮካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ጽሑፋቸው ዛሬም ይነበባል። ብራናው፣ አቀማመጡና የመነኮሳቱ ጥበቃ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ቀለሙ በሚሟሟ ማቅለሚያ የተሠራ ቢሆን ግን ይህ ሁሉ ጥበቃ ባልበቃ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከከሰል የሚሠራውንና ሙጫ ያለበትን የሥዕል ጥቁር ቀለም በሚሞላ ብዕር ውስጥ አይጨምሩ። እዚያው ደርቆ መስመሩን ይደፍነዋል። ያ ቀለም የሚገባው ለብሩሽ ወይም እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር ነው።

ተረት 3፦ እስክርቢቶው ላይ ያለው ቁጥር የመስመሩን ውፍረት ይነግረናል

እውነት፦ ቁጥሩ እንደ እስክርቢቶው ዓይነት የተለያየ ነገር ይናገራል።

በጄልና በተራ እስክርቢቶ ላይ 0.5 ወይም 0.7 የሚለው ቁጥር የሚለካው ጫፉ ላይ የምትሽከረከረውን ኳስ ዲያሜትር ነው። ወረቀቱን የሚነካው የኳሷ ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሆነ መስመሩ ከቁጥሩ ይቀጥናል። ማይክሮን ላይ ያለው ቁጥር ግን ሚሊ ሜትር አይደለም። 005 የተባለው 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ 01 የተባለው 0.25፣ 03 የተባለው 0.35፣ 05 የተባለው 0.45፣ 08 የተባለው ደግሞ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ «05» ማይክሮንና «0.5» ጄል እስክርቢቶ በስም ቢመሳሰሉም በወረቀት ላይ አንድ አይደሉም፤ ማይክሮኑ ይወፍራል።

ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ፊደላችን በጥቃቅን ምልክቶች ይለያያል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለዩት በላያቸው ባለች አጭር መስመር ነው። የሌ እግር ላይ ያለችው ቀለበት ከተደፈነች ፊደሉ ሌላ ይመስላል። በጠባብ መስመር ደብተር ላይ ደቀቅ አድርጎ ለሚጽፍ ሰው 0.4 ወይም 0.5 ኳስ ያለው ጄል፣ ወይም 01 እና 02 ማይክሮን እነዚህን ክፍተቶች ሳይደፍን ያሳያል። 1.0 ኳስ ለፊርማና ለትልልቅ ፊደላት ይሁን።

በቀጭኑ ጫፍ ላይ ግን እጅዎን አያክብዱ። 005 የመሰሉት ጫፎች ሲጫኗቸው ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አይድኑም። እጁ የሚከብድ ሰው 03 ወይም 05 ቢይዝ ይሻለዋል።

ተረት 4፦ የሚያምር የእጅ ፊደል ለመጻፍ የግድ ብሩሽ ፔን ያስፈልጋል

እውነት፦ ይህ ምክር የመጣው ከላቲን ፊደል ነው። የላቲኑ ቅጥልጥል ጽሕፈት እጅ ሳይነሣ ይሄዳል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይጫናል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀላል። ሲጫኑት የሚሰፋው ብሩሽ ጫፍ ለዚህ ተስማሚ ነው። የግእዝ ፊደል ግን እንዲህ አልተሠራም። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይቆማል፤ ውበቱም የሚመጣው ከወፍራም ቋሚና ከቀጭን አግዳሚ መስመር ነው።

ይህን መልክ ለፊደሉ የሰጠው የቁም ጽሕፈት ብርዕ ነው። ጸሐፊው መቃ ወይም ሸምበቆ ቆርጦ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ይቀርጸዋል። ጠፍጣፋ ጫፍ በራሱ ወፍራምና ቀጭን ያወጣል፤ መጫንና ማቅለል አያስፈልገውም። በገበያ የሚገኘው ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው የካሊግራፊ ማርከር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ይሞክሩት። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ማርከር ይያዙ። የጫፉ ጠርዝ ከደብተሩ መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። «በ»ን ሲጽፉ መጀመሪያ ከላይ ያለውን አግዳሚ ወደ ጎን ይሳቡት፤ ቀጭን ይወጣል። ከዚያ እጅዎን ሳያዞሩ ሁለቱን እግሮች ወደ ታች ይሳቡ፤ ሁለቱም በጫፉ ሙሉ ስፋት ይወፍራሉ። «ሐ»ን ይጨምሩ፤ ሦስቱ እግሮች እኩል ወፍራም ሆነው ይቆማሉ። «መ»ን ሲሞክሩ ደግሞ የክቦቹ ጎንና ጎን ወፍሮ አናታቸውና ሥራቸው ይቀጥናል። ወዲያውኑ የብራና መልክ ይታያል። የላቲን ጽሕፈት መማሪያዎች እንደሚመክሩት ጫፉን 45 ዲግሪ አጋድለው ቢይዙት ቋሚውና አግዳሚው እኩል ይሆኑና ያ መልክ ይጠፋል።

ይህ ማለት ብሩሽ ፔን ለእኛ አይሆንም ማለት አይደለም። ለነፃ አጻጻፍ፣ ለፖስተርና ለሥዕል ጥላ መልካም ነው። ሲገዙት ግን ለስላሳ ወረቀትም አብረው ያስቡ። ሻካራ ወረቀት የብሩሹን ጫፍ በአጭር ጊዜ ያፍተለትለዋል።

ተረት 5፦ ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ ቀለም አያሳልፍም

እውነት፦ ውፍረት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ወረቀት ሲመረት ፈሳሽ በቶሎ እንዳይመጥ በስታርችና በመሳሰሉት ይታከማል። ቀለም እንዳይሰርግ በይበልጥ የሚያግደው ይህ ሕክምና ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ቶሞዬ ሪቨር የተባለው የጃፓን ወረቀት ነው። በካሬ ሜትር 52 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ደግሞ 80 ግራም። ሆኖም ከሚሞላ ብዕር የሚወጣ ፈሳሽ ቀለም በቶሞዬው ላይ ጥርት ብሎ ሲደርቅ፣ በብዙ የፎቶ ኮፒ ወረቀቶች ላይ ዳርና ዳሩ ሥር ያወጣል። ቀጭንነቱ የራሱ ዋጋ አለው፤ የኋላው ጽሑፍ በጥላ ይታያል፣ ቀለሙም ቀስ ብሎ ይደርቃል።

ደብተር ሲገዙ ሦስት ነገሮችን ለይተው ይመልከቱ። የመጀመሪያው መስመሩ ዳርና ዳር ሥር ማውጣቱ ነው፤ ይህ ቀለሙ በክሮቹ እየተሳበ መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው ቀለሙ ማዶ ሰርጎ ነጥብ ነጥብ ማለቱ ነው፤ ይህ የኋላውን ገጽ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ሦስተኛው ሳይሰርግ በጥላ ብቻ መታየቱ ነው፤ ይህኛው ከወረቀቱ መሳሳት የሚመጣ ሲሆን ብዙዎች ይለምዱታል። ደብተሩን እንደገዙ የመጨረሻውን ገጽ ለፈተና ይመድቡ። ባለዎት እስክርቢቶ ሁሉ በየተራ ይጻፉበትና ገልብጠው ይዩት።

አልኮል ያለበት ማርከር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ስታርቹም ሆነ ውፍረቱ ብዙም አያግደውም። ለእሱ ተብሎ የተሠራ ወረቀት ከሌለ ከገጹ ሥር ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ክላሰር ማስገባትና ኋላውን ባዶ መተው ነው።

ተረት 6፦ ማርከር ከማርከር አይለይም፤ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ይቻላል

እውነት፦ አንዱ ቀለም የሌላውን ሟሟ ካገኘ ሥዕሉ ይበላሻል። ጠቃሚው ሕግ አጭር ነው፦ መስመሩና ማቅለሚያው በአንድ ዓይነት ፈሳሽ የሚሟሙ አይሁኑ።

የፊት ገጽታን በፐርማነንት ማርከር ሥለው ኮፒክ በሚባለው የሥዕል ማርከር ቢያቀልሙት ጥቁሩ መስመር ሟሙቶ ወደ ጉንጩ ይፈሳል፤ ሁለቱም አልኮል ስላላቸው ነው። መስመሩን በፒግመንት እስክርቢቶ ሠርተው በደንብ ካደረቁ በኋላ ኮፒክ ቢያሳልፉበት ይጸናል። በውኃ ለሚሠሩት የልጆች ማርከሮችና የውኃ ቀለሞችም ያው ፒግመንት መስመር ይሆናል። ተማሪዎች ማስታወሻቸውን በጄል ጽፈው ወዲያው ሃይላይተር ሲያሳልፉበት የሚንጨባረረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወይ ጄሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ወይም መጀመሪያ ሃይላይተሩን አሳልፈው ሲደርቅ በላዩ ይጻፉ።

ግራኞች እዚህ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ የግራ እጅ ገና እርጥብ በሆነው ጽሑፍ ላይ እየተጎተተ ይሄዳል። ለእነሱ ቶሎ የሚደርቅ ጄል ወይም ተራው ባለ ዘይት እስክርቢቶ የተሻለ ነው። የሚሞላ ብዕርና በለሰለሰ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ወፍራም ጄል ግን ያስቸግራቸዋል።

ተረት 7፦ ተራ እስክርቢቶ ለቁም ነገር ሥዕል አይሆንም፤ ማስታወሻ ለመያዝም ውድ ዕቃ ያስፈልጋል

እውነት፦ የሃንጋሪው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ በ1938 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት፣ ማርሴል ቢክ ደግሞ በታኅሣሥ ወር 1950 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በርካሽ ያቀረበው ባለ ኳስ እስክርቢቶ ሠዓሊዎችን የሳበው ቀድሞ ነው። አልቤርቶ ጃኮሜቲ በእሱ ሥሏል። ጣሊያናዊው አሊጊዬሮ ቦዬቲ በ1970ዎቹ ሰፋፊ ገጾችን በሰማያዊ እስክርቢቶ ጭረት ሞልቷል። በዘመናችን ናይጄሪያዊው ኦስካር ኡኮኑ በእስክርቢቶ ብቻ ፎቶግራፍ የሚመስሉ የሰው ምስሎችን እየሠራ ስሙን አስጠርቷል።

ምሥጢሩ በዘይት የተሠራው ወፍራም ቀለም ላይ ነው። ሳይጫኑት ሲጭሩ ግራጫ መሰል ስስ መስመር ይሰጣል፤ ሲጫኑት ይጠቁራል። ማይክሮንና ጄል ግን ቢጫኗቸውም ባይጫኗቸውም ያው ናቸው። የጉንጭን ጥላ ለማውጣት ቀጫጭን ጭረቶችን በአንድ አቅጣጫ ይደርድሩ። ከዚያ አቅጣጫቸውን እየቀየሩ ይደራርቡ፤ ጨለማው ቀስ በቀስ ይመጣል። ኳሷ ዙሪያ የሚጠራቀመውን የቀለም ጓጎላ በየጥቂት ደቂቃው በሶፍት ይጥረጉ፤ አለዚያ በማይፈለግበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የተራው እስክርቢቶ ቀለም በአብዛኛው ዳይ ስለሆነ ፀሐይ ያነጣዋል። በተዘጋ ደብተር ውስጥ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ ግን የፀሐይ ብርሃን ከማይደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ለሰነድ የሚሆነውን ለይተው መግዛት ከፈለጉ ማሸጊያው ላይ አይኤስኦ 12757-2 የሚለውን ይፈልጉ፤ ይህ የባለ ኳስ እስክርቢቶ የሰነድ ደረጃ ነው። ለጄል እስክርቢቶ ያለው አቻ ደረጃ አይኤስኦ 27668-2 ነው።

ስለ ዕለታዊ ማስታወሻም እንዲሁ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. «ቡሌት ጆርናል» የተባለውን ዘዴ ለሕዝብ ያቀረበው አሜሪካዊው ዲዛይነር ራይደር ካሮል የጠየቀው አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ብቻ ነበር። ባለ 48 ቀለም ስብስብና ያሸበረቁ ገጾች በኋላ በሌሎች የተጨመሩ ናቸው። ደስ ለሚለው ሰው መልካም ነው። ለመጀመር ግን መጠበቅ የለብንም፤ የዕለቱን ሐሳብ ዛሬ የጻፈ ሰው የጀመረው ዛሬ ነው።

ተረት 8፦ የሚጠፋው እስክርቢቶ ቀለሙን ከወረቀቱ ያነሣዋል

እውነት፦ ፓይለት ፍሪክሽን በሚል ስም የሚሸጠው ዓይነት ቀለም ከወረቀቱ አይነሣም። ቀለሙ ሙቀት ሲነካው ቀለም አልባ ይሆናል። በላስቲኩ ስንፈትገው ፍትጊያው ወረቀቱን ያሞቀዋል፤ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ጽሑፉ ከዓይን ይሰወራል። ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጠፋ የተባለው ጽሑፍ ይመለሳል።

ለሥዕል ንድፍና ለፕሮግራም ደብተር ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ደብተሩን በበጋ በዱባይ ወይም በሪያድ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽ ቦርድ ላይ የተወ ሰው ባዶ ገጽ ሊጠብቀው ይችላል። ውል፣ ቼክ፣ የፈተና መልስ፣ የጋብቻ ወይም የልደት ሰነድ በዚህ እስክርቢቶ በጭራሽ አይፈረም፤ አምራቹ ራሱ ለሕጋዊ ሰነድ እንዳይውል ያሳስባል። ለውልና ለፊርማ ፒግመንት ጄል ይመረጣል። በወረቀቱ ክሮች ውስጥ ስለሚሰነቀር በኬሚካል አጥቦ ለመለወጥ ያስቸግራል።

ተረት 9፦ ክዳኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ለቀለሙ ነው፤ የደረቀ እስክርቢቶም በክብሪት ይነሣል

እውነት፦ በቢክ ክዳን አናት ላይ ያለው ቀዳዳ ለሕይወት ተብሎ የተሠራ ነው። ልጅ ክዳኑን ቢውጠውና ጉሮሮው ላይ ቢቀር፣ እርዳታ እስኪመጣ ድረስ ጥቂት አየር እንዲያልፍ ይረዳል። ክዳኖች ይህን ደኅንነት እንዲያሟሉ የሚጠይቅ አይኤስኦ 11540 የተባለ ደረጃ አለ። ለትንንሽ ልጆች እስክርቢቶ ሲገዙ ቀዳዳ የሌለውን ክዳን አይምረጡ። በአካሉ ጎን ላይ ያለው ቀዳዳ ግን በእርግጥ ለጽሕፈቱ ነው፤ የውስጡንና የውጭውን የአየር ግፊት እኩል ያደርጋል።

የግፊት ነገር ደጋ ለሚኖር ሰው ያገለግላል። ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አዲስ አበባ የመጣ የሚሞላ ብዕር ቢያንጠባጥብ አይደንቅም። ወደ ላይ ሲወጣ የውጭው ግፊት ይቀንሳል፤ በብዕሩ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ይገፋዋል። በጉዞና በአውሮፕላን ወይ ጢም አድርጎ ሞልቶ ወይ ባዶውን፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ መያዝ ነው።

አልጽፍ ያለውን እስክርቢቶ በመዳፍ መካከል እያሹ ማሞቅ ጥቅም አለው። ወፍራሙ የዘይት ቀለም ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በብርድ ጠዋት እስክርቢቶ የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው። የክብሪት እሳት ግን የጫፉን ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ የኳሷንም መቀመጫ ያበላሻል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። የእጅ ወዝ ወይም ሻማ የነካው ቦታ ላይ ኳሷ ትንሸራተታለች እንጂ አትሽከረከርም። ከእጅዎ ሥር ንጹሕ ወረቀት ማንጠፍ ይህን ያስቀራል።

እንግዲህ ምን እንግዛ?

ለዕለታዊ ማስታወሻ፦ 0.4 ወይም 0.5 ኳስ ያለው ፒግመንት ጥቁር ጄል፣ ካልተገኘም ጥሩ ተራ እስክርቢቶ። ለሥዕል፦ 01 እና 05 ፒግመንት እስክርቢቶ፣ ለጥላ አንድ ተራ ሰማያዊ ወይም ጥቁር እስክርቢቶ። ለፊደል ጽሕፈት፦ አንድ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ማርከር። ለዕቃና ለሻንጣ ምልክት፦ ፐርማነንት ማርከር፣ ለዚያ ብቻ። የቀለም ስብስብ መግዛት ሥራው ራሱ ሲጠይቅ የሚደርስ ነገር ነው።

ከመግዛትዎ በላይ የሚጠቅምዎት ግን አንድ ፈተና አለ። ባለዎት እስክርቢቶና ማርከር ሁሉ በአንድ ካርቶን ላይ አንድ አንድ መስመር ያስምሩ፤ በየመስመሩ አጠገብ ስማቸውን በእርሳስ ይጻፉ። ካርቶኑን መስመሮቹ ለሁለት እንዲከፈሉ አድርገው ይቁረጡት። አንዱን ግማሽ መጽሐፍ ውስጥ ያኑሩ፣ ሌላውን ፀሐይ በሚመታው የመስኮት መስተዋት ላይ ይለጥፉ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያዩ። በደጋው ፀሐይ ላይ ደካማው ራሱን ያጋልጣል። ከዚያ ለልጅዎ የሚተርፈውን ደብተር፣ ለወዳጅዎ የሚሰጡትን ሥዕልና የቤተሰብዎን የትውልድ ሐረግ፣ በመስኮቱ ላይ ሳይነጣ በቀረው እስክርቢቶ ይጻፉ።